ምዕራፍ ሰባት፦ ሦስት ፒያኖ ለአንድ ዘፈን

ጎልድ ስታር የሚባለው የሎስ አንጀለስ ስቱዲዮ ለስሙ የሚመጥን ቤት አልነበረም። ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ ክፍሉ ጠበብ ያለ ነው። በጁላይ 1963 (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ፊል ስፔክተር የሚባል የ23 ዓመት ፕሮዲዩሰር ሙዚቀኞቹን እዚያ ክፍል ውስጥ እንደ ማታ ታክሲ ጠቀጠቃቸው። አንድ ጊታር በሚበቃበት ብዙ ጊታር፣ አንድ ፒያኖ በሚበቃበት ሁለትና ሦስት፣ በዚያ ላይ የትንፋሽ መሣሪያ፣ በዚያ ላይ ካስታኔት። የሚገርመው፣ አብዛኞቹ የሚጫወቱት ያንኑ አንድ ነገር ነበር። ጊታሩ ያለውን ፒያኖው ይደግመዋል፤ ፒያኖው ያለውን ሌላው ፒያኖ። የተጫወቱት በማይክሮፎን ይለቀምና ግድግዳው በሲሚንቶ በተለሰነ ባዶ ክፍል ውስጥ በስፒከር ይለቀቃል፤ እዚያ ሲያስተጋባ እንደገና ተለቅሞ ወደ ቴፑ ይመለሳል። ሮኔትስ የዘፈኑት «ቢ ማይ ቤቢ» የተሠራው እንዲህ ነው። አሠራሩንም ዓለም «የድምፅ ግንብ» ብሎ ያውቀዋል።

ስሙ ግን ያሳስታል። ግንብ ከኋላው ያለውን ይከልላል። ዘፈኑን ከፍታችሁ ስሙት፤ የሮኔትስ መሪ ድምፃዊት የሮኒ ቤኔት ቀጭን፣ ጫፉ ላይ የሚንቀጠቀጥ ድምፅ አንድ ቃል ሳይጠፋው ይወጣል። ያን ሁሉ መሣሪያ ተሸክሞ ዘፈኑ ለምን አልሰመጠም? ይህን የምጠይቀው ከዚያ ወዲህ በዚሁ መንገድ የተሞሉ ብዙ አልበሞች ስለሰመጡ ነው።

መልሱን ፍለጋ ከሎስ አንጀለስ ወጥተን መገናኛ እንቁም። ዐሥር ወያላ በአንድ ላይ «ቦሌ! ቦሌ!» ቢል፣ ጩኸቱ የአንዱን ወያላ ዐሥር እጥፍ ሆኖ አይሰማንም። ጆሮ እንደዚያ አይቆጥርም። በአንድ ድምፅ ላይ እኩያውን ስንጨምርበት የሚገኘው ጭማሪ 3 ዴሲቤል ያህል ነው፤ ዐሥር ስናደርሰው 10 ዴሲቤል ይሆናል። ለአብዛኛው ሰው ጆሮ ደግሞ 10 ዴሲቤል ማለት እጥፍ ገደማ ነው። ዐሥር ሰው ቀጥሮ የአንዱን ጩኸት እጥፍ ብቻ ማግኘት፤ በገበያ ሂሳብ ኪሳራ ነው። ይሁንና በምትኩ ሌላ ነገር ይገኛል። ዐሥሩ ወያሎች በአንድ ቅጽበትና በአንድ ቃና አይጮሁም። አንዱ በጥቂት ይቀድማል፣ ሌላው ትንሽ ያቀጥናል። ጆሮ ይህን ጥቃቅን ልዩነት ነጥሎ መከተል ሲያቅተው ሁሉንም ጠቅልሎ «ሕዝብ» ይለዋል። ድምፁ እምብዛም ሳይጨምር ይሰፋል። ስፔክተር በሦስት ፒያኖ የገዛው ይህን ስፋት ነበር።

ስፋቱን በርካሽ መግዛትም ይቻላል። ሚካኤል ትሬቶቭ የተባለው የስዊድን የድምፅ መሐንዲስ ስለ ስፔክተር የተጻፈ መጽሐፍ አንብቦ ያንኑ ተመኘ፤ ያን ያህል ሙዚቀኛ የሚቀጥርበት ገንዘብ ግን አልነበረም። ስለዚህ በ1973 የአባን «ሪንግ ሪንግ» ሲቀዳ ያንኑ ባንድ ደግሞ አስጫወተና፣ በድጋሚው ቅጂ የቴፑን ፍጥነት በጥቂቱ ቀየረው። ቃናው ፀጉር ታህል ተዛነፈ። አራት አምስት ሰው የተጫወተው ነገር የአዳራሽ ሙሉ ሰው መሰለ። አባ ከዚያ በኋላ በዓለም የታወቀበት ድምፅ መሠረቱ ይህች ዘዴ ናት።

ወደ መገናኛ እንመለስ። ዐሥሩ «ቦሌ» ሲሉ አንድ ዐሥራ አንደኛ ወያላ በዚያው ቃና «ሳሪስ» ይላል እንበል። ሳሪስ የሚሄደው ሰው ቆሞ ይቀራል። ድምፅ ድምፅን ይሸፍናል፤ ሽፋኑ የሚከፋውም ሁለቱ በአንድ የድምፅ ክልል ሲገናኙ ነው። ወፍራሙ ቀጭኑን የሚሸፍነውን ያህል ቀጭኑ ወፍራሙን አይሸፍንም። አሁን የፖፕ ባንድን አስቡ። ኤሌክትሪክ ጊታር፣ ኪቦርድ፣ ሳክስፎንና የሰው ድምፅ የአንድ ሰፈር ልጆች ናቸው። የቃላት ግልጽነት በአብዛኛው የሚያድረው ከ1,000 እስከ 4,000 ኸርዝ ባለው ክልል ሲሆን፣ ዲስቶርሽን የበዛበት ጊታር ደግሞ ከዚያ ክልል ንቅንቅ አይልም። ሦስት ፒያኖ አንድ ነገር ሲጫወት የሚይዘው ቦታ የአንድ ፒያኖን ያህል ነው። ሦስት ጊታር ሦስት የተለያየ ነገር ሲጫወት ግን ሦስት ቦታ ይፈልጋል፤ ቦታው ከየት ይመጣል? ከዘፋኙ ይወሰዳል። የኛ ሰው «ቅንብሩ ድምፃዊውን ዋጠው» የሚለው ነገር ቃል በቃል ትክክል ነው።

እዚህ ላይ «እንግዲያው ጥበቡ ድምፅን በየክልሉ መደልደል ነው» ብዬ ምዕራፉን ብዘጋው የድምፅ መሐንዲሶች ደስ ይላቸው ነበር። ግን አይበቃም። የመደልደሉን ጥበብ ጠንቅቀው በሚያውቁ ሰዎች እጅ የተበላሹ አልበሞች አሉና።

የቢች ቦይስ መሪ ብራያን ዊልሰን «ቢ ማይ ቤቢ»ን ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማው መኪና እየነዳ ሲሆን፣ መንዳት አቅቶት ጥግ ይዞ እንደቆመ ደጋግሞ ተናግሯል። የዊልሰን ቀኝ ጆሮ ከሞላ ጎደል አይሰማም ነበር። ስለዚህ ድምፅን በግራና በቀኝ የሚዘረጋው ስቴሪዮ ለእሱ ትርጉም አልነበረውም፤ ያለውን ሁሉ በአንዲት ነጥብ ላይ መከመር ነበረበት። በ1966 የቢች ቦይስን «ፔት ሳውንድስ» ሲሠራ የጎልድ ስታርን ሙዚቀኞች አብዛኛዎቹን ሰብስቦ አኮርዲዮን፣ ሃርፕሲኮርድ፣ ፍሬንች ሆርን፣ የብስክሌት ደወል ሳይቀር አስገባበት። የቴፑ ትራክ፣ ማለትም ድምፅ ለየብቻ የሚቀዳበት መስመር፣ ግን ጥቂት ነበር። በብዙዎቹ ዘፈኖች መሣሪያውን ሁሉ ቀድቶ ካዋሃደ በኋላ ወደ አንድ ትራክ ይገለብጠዋል፤ የቀሩት ትራኮች ለዊልሰን ወንድማማቾችና ለጓደኞቻቸው ድምፅ ይተርፋሉ። አንዴ ከተገለበጠ ወዲያ መመለስ የለም። አኮርዲዮኑ ከፍ ብሎ ከሆነ ከፍ እንዳለ ይኖራል። ስለዚህ ማን ምን ያህል እንደሚሰማ፣ ማን መቼ ዝም እንደሚል፣ ዘፋኙ የት እንደሚቆም ገና ዘፋኙ አፉን ሳይከፍት መወሰን ነበረበት። ችግር ይመስላል። እኔ ግን የአልበሙ ጤና የመጣው ከዚህ ችግር ነው ባይ ነኝ።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ 16 ትራክ፣ ቀጥሎ 24 ትራክ መጣ፤ ዛሬ ኮምፒውተር ላይ ቁጥሩ ገደብ የለውም። ጊታሩ በአራት ዓይነት መንገድ ይቀዳል፤ የትኛው እንደሚሻል አይታወቅም፤ «ይቀመጥ፣ ሚክስ ላይ እናየዋለን» ይባላል። ሚክስ ላይ ሲደረስ ከአራቱ አንዱን እንኳ ለመጣል ማንም አይጨክንም፤ እያንዳንዱ ላይ ገንዘብና ሌሊት ፈሷል። አራቱም ይገባሉ። ከኋላ ያለው ደብዘዝ ሲል የፊቱ ከፍ ይደረጋል፤ የፊቱ ሲጮህ የኋላው ይጨመራል። ድርብርብ ቅንብር አልበምን የሚጎዳው እንዲህ ያደረ ውሳኔ ሲጠራቀምበት ነው። ከውጭ ሲታይ ሀብት ነው፤ ሲገልጡት ግን «አልወሰንኩም» የሚል ቃል ሠላሳ ጊዜ ተደራርቦ ነው።

ራሱ ስፔክተር ያዳነውን ያህል ያበላሸ ሰው መሆኑ ለዚህ ምስክር ነው። ቢትልስ በጃንዋሪ 1969 ተሰብስበው ሲቀዱ ሐሳባቸው ድርብርቡን ትተው እንደ ጥንቱ አብረው መጫወት ነበር። ቴፑ ሳያልቅ ከዓመት በላይ ቆየ፤ ቡድኑም እየፈረሰ ነበር። መጨረሻ ላይ ለስፔክተር ተሰጠ። በአፕሪል 1 ቀን 1970 ስፔክተር «ዘ ሎንግ ኤንድ ዋይንዲንግ ሮድ» ላይ ከሠላሳ የሚበልጡ ሙዚቀኞችና የሴቶች ኅብረ ዝማሬ ጨመረበት። የዘፈኑ ባለቤት ፖል ማካርትኒ አልተጠየቀም፤ በኋላ ቡድኑን ለማፍረስ ፍርድ ቤት ሲሄድ ካቀረባቸው ቅሬታዎች አንዱ ይኸው ሆነ። በ2003 አልበሙ ያለዚያ ሁሉ ጭማሪ «ሌት ኢት ቢ... ኔኪድ» በሚል ስም ወጣ። እዚህ ላይ ለስፔክተር የሚቆም ሰው አንድ ጠንካራ መከራከሪያ አለው፦ ቫዮሊኖቹና ዝማሬው ያሉበት ቅጂ በአሜሪካ አንደኛ ወጥቷል። አልክድም። ግን ሁለቱን ደግማችሁ አነጻጽሩ። ማካርትኒ ዘፈኑን የሠራው በፒያኖና በድምፅ ነው፤ ከስንኝ ስንኝ ሲሻገር የሚያሳርፋት ትንፋሽ አለች። ቫዮሊኖቹ የገቡት እሷ ላይ ነው። «ቢ ማይ ቤቢ» ላይ ግንቡ ቀድሞ ቆመ፣ ሮኒ መጥታ ፊቱ ቆመች፤ እዚህ ግን ሰው በሚኖርበት ቤት ሳሎን ውስጥ ግንብ ተሠራ።

የቢትልሱ ጆርጅ ሃሪሰን በዚያው በ1970 «ኦል ቲንግስ መስት ፓስ»ን ከስፔክተር ጋር ሠራ። ወዶ ነው፣ ተስማምቶ ነው። ከሠላሳ ዓመት በኋላ አልበሙ በድጋሚ ሲታተም ግን ዘፈኖቹን ከዚያ ትልቅ ቅንብር ነፃ ሊያወጣቸው እንደሚመኝ ጻፈ። እሱ አልደረሰበትም፤ ልጁ ዳኒ በ2021 ቀለል ያለ አዲስ ሚክስ አስወጣ። ከአዲሱ ይልቅ አሮጌውን እወዳለሁ። ምክንያቱን ብጠየቅ በደንብ ማስረዳት አልችልም፤ ምናልባት ያ ጭጋግ የዘፈኖቹ የልቅሶ ልብስ ሆኖብኝ ይሆናል።

የኦአሲስን «ቢ ሂር ናው» ግን የሚያስረዳልኝ ብዙ ነው። ኦገስት 21 ቀን 1997 ሲወጣ በብሪታንያ በመጀመሪያው ቀን ብቻ ከ420,000 ቅጂ በላይ ተሸጠ። ከዚያ ቀደም ያለው አልበማቸው አገር ያጥለቀለቀ ስለነበር «በቃ» የሚላቸው ሰው አልነበረም። ርዝመቱ 71 ደቂቃ ያህል ነው፤ አንዱ ዘፈን ብቻውን ከ9 ደቂቃ ያልፋል። ጊታር በጊታር ላይ፣ እንደገና ጊታር፤ አዝማቹ ያልቃል ስትሉ ይመለሳል። የአልበሙ ዋና ደራሲ ኖኤል ጋላገር ራሱ በኋላ ዓመታት በዚህ አልበም ላይ የማይምር ተቺ ሆነ። በ2016 ድጋሚ ሲታተም እንደ አዲስ ሚክስ ሊያደርገው ተነሣና አንድ ዘፈን ሠርቶ ተወው። ከዚያ ኅትመት ጋር ግን ሙስቲክ በተባለች የካሪቢያን ደሴት የተቀዱት የመጀመሪያ ዴሞዎች አብረው ወጡ። ቀለል ያሉ ናቸው፣ ዜማው ፊቱን ያሳያል። ዴሞውን ሰምቼ ወደ አልበሙ ስመለስ የማውቀውን ሰው በዐሥር ጋቢ ተጀቡኖ ያገኘሁት ያህል ነው፤ እሱ መሆኑን በድምፁ ለይቼዋለሁ፣ ፊቱ ግን የለም። የጊታሮቹ ብዛት የስፔክተርን ፒያኖዎች አይበልጥ ይሆናል። ልዩነቱ ጊታሮቹ ከዘፋኙ ሊያም ጋር በአንድ ሰፈር ተጋፍተው፣ ሁሉም የፊት ወንበር ፈልገው መቀመጣቸው ነው።

አንድ ዘፈን ሁለት ልብስ ለብሶ ሲመጣ ማየት የፈለገ ብሩስ ስፕሪንግስቲን ዘንድ ይሂድ። ይህ ሰው በ1975 የወጣውን «ቦርን ቱ ረን» የተባለ አንድ ዘፈን ለመጨረስ ስድስት ወር የፈጀ፣ የስፔክተርን ግንብ በግልጽ የተመኘ ነው። በጃንዋሪ 1982 ደግሞ ኒው ጀርሲ ውስጥ ቤቱ ቁጭ ብሎ በአራት ትራክ የካሴት መቅጃ ለባንዱ ማስጠኛ የሚሆኑ ዘፈኖችን ቀዳ። ባንዱ ሞከራቸው፤ የካሴቱን ያህል አልሆነም። ስለዚህ ያንን ካሴት ራሱን «ነብራስካ» ብለው አወጡት። በዚያ ወቅት ከተቀዱት መካከል አልበሙ ውስጥ ያልገባ አንድ ዘፈን ነበር፤ ከቬትናም ተመልሶ ሥራ ያጣ ወታደር ብሶት፣ በአንድ ጊታር። ይኸው ዘፈን በ1984 ከባድ ድራምና ሲንተሳይዘር ለብሶ «ቦርን ኢን ዘ ዩኤስኤ» ሆኖ ሲወጣ ስታዲየሞች በጡንቻ ዘፈኑት። በዚያው የምርጫ ዘመን ፕሬዝዳንት ሬገን ኒው ጀርሲ ላይ ባደረጉት ንግግር ስፕሪንግስቲንን የተስፋ መልእክተኛ አድርገው ጠቀሱት። በ1998 የጊታሩ ቅጂ ሲወጣ ሰምቶ ተስፋ ያየበት ሰው ያለ አይመስለኝም። እኛ ሰምና ወርቅ የምንለው ሰሙ ሲቀልጥ ወርቁ የሚገኝበትን ነው፤ እዚህ ላይ ሰሙ እጅግ ከመወፈሩ የተነሣ ወርቅ መኖሩም ተረሳ። ቢሆንም ይህን ቅንብር ጉዳት ብዬ ለመፈረጅ እጄ አይነሣም። የዘፈኑ ምሬት በዚያ ጩኸት ውስጥ ተደብቆ መዞሩ ራሱ አንድ ነገር ይላል።

ለአማርኛ ዘፈን ግን ይህ ጉዳይ ከዚህም የበለጠ ያስከፍላል፤ ምክንያቱ ያለው ቋንቋው ውስጥ ነው። «ይመታል» ላልቶ ሲነገር መቺ ነው፤ ጠብቆ ሲነገር ተመቺ። «ሰፊ» ላልቶ ልብስ ሰፊ ነው፤ ጠብቆ መንገዱ ሰፊ። ጽሕፈቱ አይለየውም፤ የሚለየው ጆሮ ብቻ ነው። «ተ»ን ስናጠብቅ አፋችን ለቅጽበት ይዘጋል፣ ያቺ ቅጽበት ዝምታ ናት፤ ትርጉሙ ያለው እሷ ውስጥ ነው። ሪቨርብ (ማስተጋባቱ) ደግሞ ዝምታ አይወድም። የቀደመውን አናባቢ ጎትቶ ይሞላባታል። በዚያ ላይ ኪቦርዱ ያለማቋረጥ ከተዘረጋ መቺና ተመቺ አንድ ይሆናሉ። ትልልቆቻችን «የአሁኑ ዘፈን ግጥሙ አይሰማም» ሲሉ እርጅና ነው እል ነበር። አሁን ግማሹ አኩስቲክስ ነው እላለሁ። አዝማሪው ይህን ያለ መጽሐፍ ያውቀዋል፤ ማሲንቆው ግጥሙ ሲወርድ ከዜማው ሥር ዝቅ ብሎ ይከተላል፣ ስንኙ ሲያልቅ ቀና ብሎ ይመልሳል። መደርደርን በጊዜ ይሠራዋል፤ አንዱ ሲናገር ሌላው ያዳምጣል።

ድርብርብ ቅንብር ከአማርኛ ግጥም ጋር ተስማምቶ መኖር እንደሚችል የሚያሳየኝ አንድ አልበም ግን አለ። ቻግኒ የተወለደችው እጅጋየሁ ሽባባው በ2001 «ጂጂ» የሚለውን አልበሟን ያወጣችው በቢል ላስዌል ፕሮዲዩሰርነት ነው። ከጃዝ ሰዎች ሄርቢ ሃንኮክ አለበት፣ ዌይን ሾርተር አለበት፣ ፋሮ ሳንደርስ አለበት። እያንዳንዳቸው ብቻቸውን መድረክ የሚሞሉ ሰዎች ናቸው፤ በወረቀት ላይ ሲታይ ለዘፋኝ ቀብር የተጠራ ዕድር ይመስላል። ላስዌል ግን ቤዝ ተጫዋች ነው። ክብደቱን እታች፣ የሰው ድምፅ በማይደርስበት ቦታ አኖረው፤ የጂጂ ድምፅ ያለበትን መሐል ለቀቀላት። ግጥሙ ይሰማል፣ ማጥበቅ ማላላቱ ሳይቀር።

ያው ላስዌል በ2003 ያንኑ ቅጂ ወስዶ «ኢሉሚኔትድ ኦዲዮ» የሚል ሌላ አልበም ሠራበት። ቤዙና ማስተጋባቱ ገነነ፤ ድምጿ ከፊት ወደ ኋላ ተወስዶ እንደ ጭስ ይመጣል፣ ይሄዳል። ቃሉን ለመያዝ የሚሞክር ሰው ይደክማል። ለሌሊት መንገድ እወደዋለሁ፤ ዘፈን ልስማ ስል ግን የማነሣው የ2001ዱን ነው። ላስዌል በሁለቱም ጊዜ ያለ ማመንታት ወስኗል፤ መጀመሪያ ለዘፋኟ፣ ቀጥሎ ለጥላዋ።

መጨረሻ ላይ ወደ ዊልሰን ልመለስ። በ1997 የ«ፔት ሳውንድስ» ቴፖች ተፈትተው አልበሙ ለመጀመሪያ ጊዜ በስቴሪዮ ወጣ። ለዓመታት «ዉድንት ኢት ቢ ናይስ» ላይ ቫዮሊን የመሰለኝን ነገር አኮርዲዮን ሆኖ አገኘሁት። አንዱ እዚህ፣ አንዱ እዚያ፤ ሁሉም በየወንበሩ ተቀምጦ ይሰማል። አንድ ሳምንት ሙሉ መሣሪያ ስቆጥር ሰነበትኩ። ከዚያ ወደ አሮጌው፣ በአንዲት ነጥብ ላይ ወደተከመረው ሞኖ ተመለስኩ። እዚያ ውስጥ በክፍሉ ከነበሩት ሰዎች አንዳቸውም ያልያዙት አንድ መሣሪያ ነበር፤ ስቴሪዮው ላይ ፈልጌ አጣሁት።